ለቁም ሰው የተለቀሰ ለቅሶ

ሞላልኝ ዕቃ ያስጠላው ነበር። ዕቃ ሲባል ሞፈርና ቀንበር አይደለም፤ ያ አዲሱ፣ በመኪና እየተጫነ መጥቶ ንፋስ መውጫ የሚራገፈው፣ የሚያብለጨልጨው ነው። በ1963 ዓ.ም. ክረምት፣ ደብረ ታቦር ዐሥረኛ ክፍልን ጨርሶ ወደ ጋይንት በተመለሰ በመጀመሪያው ቅዳሜ ገበያ ወጣ። ያየው ሁሉ አስጠላው። አንዱ ሰዓት አስሯል፤ ሰዓቱ ግን ከቆመ ከርሟል። ስንት ሆነ ብለው ሲጠይቁት ቀና ብሎ ፀሐይዋን ያይና፣ እጅጌውን ሰብስቦ ሰዓቱን ያሳያል። ሌላው የባትሪ ድንጋዩ ያለቀ ሬዲዮ በትከሻው አንግቦ ከበግ ተራ እህል ተራ ይመላለሳል። ጎረቤታቸው ሀይሉማ ከጥማድ በሬው አንዱን ሸጦ ሬዲዮ ገዛና፣ ሰኔ ሲገባ ለቀረው በሬ አጣማጅ ፍለጋ በየደጁ ሲለምን ከረመ። ሬዲዮው ሲዘፍን መሬቱ ጦም አደረ።

ሞላልኝ ይህን ሁሉ በደብተሩ ይጽፋል። «ዕቃው ደርሷል፤ እኛ ገና አልደረስንም» ብሎ ጻፈና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። የለበሰውን ናይለን ሸሚዝና ደረቱ ላይ የሰካውን እስክሪብቶ ግን ከዕቃ አልቆጠራቸውም። የሰው ጉድፍ ለማየት ዐይን መች ይጠፋል።

እናቱ እማዋይሽ የአገሩ አልቃሽ ነበረች። ሰው ሲሞት መጀመሪያ የምትጠራው እሷ ናት። ከለቅሶው መካከል ቆማ የሟቹን ዘር ትቆጥራለች፣ መሬቱን ትጠራለች፣ ግጥሙን ታወርዳለች፤ ሕዝቡ እየተቀበለ ያለቅሳል። በእሷ አፍ ስስታሙ ቸር፣ ፈሪው ጀግና፣ ድሃው የሰባት ጋሻ ጌታ ይሆናል። ይህን የማያውቅ የለም፤ ሟችን ማሞገስ የሟች ድርሻ ነውና «ውሸት ነው» ብሎ የሚነሣ ሰው ከቶ ታይቶ አይታወቅም። ለድካሟ ቁና ገብስ ይሰፈርላታል፣ ተዝካር ሲወጣ ድርሻዋ ይላክላታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ያቆመው ይኸው ነው።

ከዚህ ሌላ ያላት አንድ ዝግባ ሥር የሚባል እርሻ ነው፤ የአባቷ ርስት። እሱንም ድንበርተኛዋ ግራዝማች ይግዛው የባሏ ዐርባ ሳይወጣ ከዳሩ ገፍተው አረሱና ሁሉም የእኔ ነው አሉ። ሁለት ዓመት ተሟገተች። አሁን ነገሩ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ሽማግሌ እንዲቆርጠው ተቀጥሯል። ዝግባ ሥር ከሄደ የሞላልኝ ትምህርትም አብሮ ይሄዳል፤ ደብረ ታቦር የሚበላው ስንቅ የሚወጣው ከዚያ ማሳ ነው። ይህን እናትም ልጅም ያውቃሉ።

በሐምሌ አጋማሽ፣ ዝናብ ባባራበት አንድ ከሰዓት፣ ግራዝማች እናትና ልጅን አስጠሩ። መደቡ ላይ፣ በቀይ ጨርቅ ላይ፣ ታቦት ይመስል የተቀመጠ ነገር ነበር፤ ልጃቸው ከአሥመራ የላከላቸው ቴፕ። ከቤተሰቡ የሚከፍተው ጠፍቶ፣ ሞላልኝ ተማሪ ነውና ያውቃል ተብሎ ነው የተጠራው።

ሞላልኝ እንዲህ ያለ ቴፕ አንድ መምህሩ ዘንድ አይቷል። ያ ሁሉ ጥላቻው የት እንደገባ እንጃ፣ እጁ ያሳክከው ጀመር። አንዱን ቁልፍ ተጫነ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለ፣ መልሶ አሰማ። የቤቱ ሰው ሁሉ አማተበ። ሞላልኝ ደረቱን ነፋ፤ ገበያ መካከል የቆመ ሰዓት ካሰረው ሰውዬ በምን እንደሚሻል በዚያች ደቂቃ ቢጠየቅ መልስ አልነበረውም።

«እማዋይሽ» አሉ ግራዝማች፣ «እኔ ስሞት የምትይውን ዛሬ በዚህ በይልኝ። አገር የሚሰማውን እኔ ባለቤቱ ሳልሰማው ልቀበር?»

«ኧረ ግራዝማች፣ ለቁም ሰው አይለቀስም። ሟርት ነው።»

«ሟርቱ በራሴ። ይህን ካደረግሽልኝ የዝግባ ሥርን ነገር በእርቅ እንጨርሰዋለን። ጎረቤት አይደለን፣ ምን ያሟግተናል?»

እማዋይሽ ልጇን አየችው። እንቢ በል ማለቷ ነበር። እሱ ግን ጣቱን ከቴፑ ላይ አላነሣም።

«እማ፣ ይህ እኮ ለቅሶ አይደለም፣ ድምፅ ነው» አላት። «ሟርት የሚባል ነገር በሳይንስ የለም።»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። እማዋይሽ ተነሣች፣ ነጠላዋን አሸረጠች፣ ዐይኗን ጨፈነች። ሞላልኝ ተጫነው።

«ድሃው ተሰብስቦ ቆሟል ከደጃፉ፣
ማን ሊያጎርሰው ነው ወይ ሲታጠፍ ምንጣፉ።»

ከዚያ ደጃፍ ለውሻ እንኳ ቁራሽ ወድቆ አያውቅም። ሞላልኝ ሳቁን ዋጠ። እናቱ የግራዝማችን አባቶች እስከ ሰባት ቤት ቆጠረች፤ ከዚያ እንደ ልማዷ ሟቹ ያረሰውን ሁሉ ለሟቹ ሰጠች።

«እረፉ በሬዎች፣ ፍቱት ቀንበሩን፣
ጌታው ጥሎት ሄደ የዝግባ ሥሩን።»

ግራዝማች በገዛ ሞታቸው ተንሰቀሰቁ። በጋቢያቸው ጫፍ አፍንጫቸውን እየጠረጉ «እንዲህ ኖሯል ለካ የምወደደው» አሉ። ሞላልኝን አንገሸገሸው። ሰው በራሱ ሬሳ ላይ ሲያለቅስና ሲጣፍጠው ማየት ምን ያህል እንደሚያስጠላ በደብተሩ ሊጽፍ እያሰበ ወጣ። እናቱ ወንዙ ዳር ሲደርሱ ጎንበስ ብላ አፏን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠች። 

ፍልሰታ ተፈታ። በቀጠሮው እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላሙ ሥር ተቀመጡ፤ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ከመካከል። እማዋይሽ እርቁን ተስፋ አድርጋ የታጠበ ቀሚስ ለብሳ መጥታለች። የግራዝማች አሽከር አንድ በጋቢ የተጠቀለለ ነገር አምጥቶ ድንጋዩ ላይ አኖረና ፈታው።

«ሞላልኝ፣ ና ክፈተው» አሉ ግራዝማች።

ሞላልኝ ሰውዬው በዕቃቸው ሊኩራሩ መስሎት ቀረበ። ሽማግሌ ሁሉ እያየው መሆኑም ሳይጥመው አልቀረም። ተጫነው።

የእናቱ ድምፅ ከሳጥኑ ወጣና ቅጥሩን ሞላው። ከቤተ ክርስቲያን የሚወጡት ሴቶች በአንድ አፍታ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። «ወየው፣ ግራዝማች ሞቱ» አለች አንዷ፤ ደረት እየደቁ ወደ ደጀ ሰላሙ ጎረፉ። ደርሰው ሲያዩ ሟቹ ተቀምጠው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ። ለቅሶው ጉሮሯቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ጌታው ጥሎት ሄደ የዝግባ ሥሩን» ሲል ግራዝማች እጃቸውን አነሡ። «ዝጋው። አባቶቼ፣ ሰማችሁ። የዝግባ ሥር ጌታ ይግዛው ነው ያለችው ማን ናት? እኔ አላልሁም። ከገዛ አፏ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ራሱን ነቀነቀና «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለ። ሞላልኝ ጣቱን አየው፤ ቁልፉ ላይ ነበር። ሐምሌም የከፈተው ይኸው ጣት ነው፣ ዛሬም። በሰው የተጸየፈው ሁሉ ዞሮ ራሱ ላይ ተደፋ።

እማዋይሽ ብድግ አለች። አልተጣደፈችም።

«አባቶቼ፣ ቃል ይፈቀድልኝ። ግራዝማችን አንድ ነገር ልጠይቅ።»

«ጠይቂ» አሉ መሪጌታ።

«ግራዝማች፣ እርስዎ ሞተዋል ወይስ አሉ?»

ከኋላ የሣቀ ሰው ነበር። ግራዝማች መፋቂያውን ከአፋቸው አወጡ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ከሞቱ ቃሌ ቃል ነው፤ እውነት ነው ይባልልኝ። ግን ሙት አይሟገትም፤ ተነሥተው ይሂዱና ወራሽዎ ይምጣ። ካሉ ደግሞ ለቁም ሰው ያለቀስሁት ለቅሶ ሐሰት ነው። ቸር አልሁዎ፣ ሐሰት ነው። ድሃ አጉራሽ አልሁዎ፣ ሐሰት ነው። የዝግባ ሥር ጌታ አልሁዎ፣ እሱም ከዚያው ነው። አንዱን ይምረጡ።»

 መሪጌታ ወደ ግራዝማች ዞሩ።

«ይመልሱ እንጂ። ተጠየቁ እኮ።»

ግራዝማች መፋቂያውን መሬት ጣሉት። «አለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ እየከበዳቸው።

«ካሉማ ነገሩ አለቀ» አሉ መሪጌታ። የቀሩት ምስክሮች ተሰሙና ዝግባ ሥር ለእማዋይሽ ተፈረደ። ሰዉ እየሣቀ ተበተነ። ሞላልኝ ብቻ እናቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

በመስከረም፣ ሞላልኝ ወደ ደብረ ታቦር ሊመለስ ሳምንት ሲቀረው፣ ከወንዙ ማዶ ካሣሁን የሚባል ጎረቤት ሞተ። ደግ ሰው ነበር፤ እውነተኛ ደግ። እማዋይሽ ጥሪውን እየጠበቀች ጥቁሯን ለብሳ ደጃፍ ተቀመጠች። መርዶ ነጋሪው በአጥራቸው ሥር አለፈ፤ ዞር ብሎም አላየ። እስከ እኩለ ቀን ጠበቀችና ሳትጠራ ተነሣች። ሞላልኝ ተከተላት።

ከለቅሶው መካከል የቆመችው ብርቱካን የምትባል ሌላ አልቃሽ ነበረች፤ ሁለት ግጥም ይዛ እየተንተባተበች የምትመላለስ። እማዋይሽ ከዳር ቆማ ሰማች፣ ሰማችና አላስችል አላት። ነጠላዋን አሸርጣ ገባች። አፏን ስትከፍት የሟች ሚስት ውባለም ከተቀመጠችበት እጇን ዘረጋች።

«እማዋይ፣ ባክሽ ይቅርብን።»

«ለካሣሁን አላልቅስ?»

«አንቺ ቸር ስትይው ሰዉ ይሥቃል። ለቅሶሽ ሐሰት እንደሆነ በሽማግሌ ፊት ራስሽ ተናግረሻል። የኔ ባል ቸር ነበረ።»

ማንም አልገሠጻትም። እማዋይሽ ነጠላዋን ፈታች፣ ከሴቶቹ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች።

ሲመለሱ በዝግባ ሥር በኩል አለፉ። ሞላልኝ መሬት መሬቱን እያየ ሲሄድ እናቱ ቆም አለች።

«ያ ዕቃ፣ የያዘው ይጠፋለታል?»

«ይጠፋል» አላት ፈጠን ብሎ። የሚያውቀውን ነገር ተጠይቆ ደስ አለው፤ መልሶም ያ ደስታው አስጠላው። «ሌላ ድምፅ ሲቀዳበት የፊተኛው ይጠፋል፣ እማ። ግራዝማች ዘንድ ሄጄ አጠፋዋለሁ።»

«ከሰዉስ ጆሮ?» አለች።

 ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማው ሄደች።