የጤነኛ ሰው ደም

ሉሊት ዩኒቨርሲቲ ገብታ የላቦራቶሪ ሳይንስ መማር ከጀመረች ወዲህ፣ ጁባ፣ ሎሎጎ ሰፈር ውስጥ ጣቱን ያልተወጋላት ሐበሻ የለም። ሰው በሩቅ ሲያያት እጁን ኪሱ ይከት ነበር። እናቷ አስረሳሽ ብቻ እምቢ ብላ አታውቅም። ምግብ ቤቷ ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች አንድ ጣቷን ትዘረጋለች።

«ዛሬ ደግሞ የምን ደም ነው?»

«የጤነኛ ሰው አምጡ ተብለናል።»

«ይህን ሁሉ ድስት ብቻዋን ከምታነሳ ሴት በላይ ጤነኛ ከየት ታመጫለሽ? ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ውጊ።»

ወጋች። ወትሮ ቶሎ የሚቆመው ደም ዛሬ አልቆም አለ። አስረሳሽ በሽርጧ ጠረገችውና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። እሷ ተኩስ ሲሰማ እንኳ ቤቷን የማትዘጋ ሴት ናት። የምትፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ከኡጋንዳ ጭነት የሚያመላልሰው ወንድ ልጇ ሽመክት አንድ ቀን መንገድ ላይ እንዳይቀርባት።

በማግስቱ ሉሊት ደሙን ቀለም አልብሳ በማይክሮስኮፕ አየችው። እዚህም እዚያም አንዳንድ ብቻ መታየት የነበረባቸው ነጭ የደም ሴሎች ግዙፍ ሆነው ተጨናንቀዋል። ቀለሙን ያበላሸች መስሏት ደሙን የቀባችበትን ሁለተኛ መስታወት ሞከረች። ያው ነው። መምህሯ እየቀለዱ መጥተው አጎነበሱ፤ ቀና ሲሉ ቀልዱ የለም።

«የማን ነው?»

«የእናቴ።»

«በዚህ ብቻ አይፈረድም» አሉ ዝግ ብለው። «ግን የደም ካንሰር ይመስላል። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ አምጫት። አትዘግዪ።»

ማታ ሉሊት እናቷ ፊት ተቀመጠች። አፏን ከፈተችና ውሃ ስጪኝ አለች። ሁለተኛ ከፈተችና ወጡ ጨው የለውም አለች። ሦስት ዓመት የተማረችው ደም መቅዳትና ማየት እንጂ መናገር አልነበረም። ስለዚህ ተነሥታ ንያኩሮን ሰፈር፣ ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ዘንድ ሄደች። ጁባ ላለ ሐበሻ መርዶ የሚያረዱት እሳቸው ናቸው።

«ክፉ ወሬ ለብቻ አይነገርም» አሉ ሰምተዋት። «ማልደን እንመጣለን። አንቺ ዝም በይ።»

ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ክፉ ወሬ የሚነግሩበት አንድ መንገድ ብቻ ነው ያላቸው። ይህን ሉሊትም አላሰበችው፣ እሳቸውም።

ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አስረሳሽ ከፈተች። ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

«ሽመክቴ» አለችና መሬት ወደቀች። ደረቷን ትደቃ ጀመር።

ጋሽ ወልደጊዮርጊስ ደንግጠው ከአፋቸው የወጣው የለመዱት ነበር። «አይዞሽ፣ የእግዜር ሥራ ነው» አሉ። ጩኸቱ ባሰ።

ሉሊት ሁለቱን እጆቿን ያዘቻት። «እማዬ፣ ሽመክት ደህና ነው። አንቺ ነሽ። የታመምሽው አንቺ ነሽ። ደምሽን አይቼው ነው።»

አስረሳሽ አላመነችም። ሉሊት ስልክ ደውላ ጆሮዋ ላይ አደረገችላት። የሽመክት ድምፅ በእንቅልፍ ተሞልቶ፣ እዚሁ ጁባ፣ ካስተም ገበያ መኪናው ውስጥ እንዳደረና ጭነቱን ሊያራግፍ እንደሆነ ነገራት።

«ተመስገን» አለች አስረሳሽ። «ተመስገን፣ እኔ ነኝ።» ፊቷን በሽርጧ ጠረገች። በመድቃቷ ደረቷ ላይ ደም ቋጥሯል፤ ይህን ከሉሊት በቀር ልብ ያለው የለም።

ከዚያ ምድጃውን አጠፋች፤ በሩን ቆለፈች። ቁልፉን ለጋሽ ወልደጊዮርጊስ ስትሰጥ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንሥታ ገለበጠችላቸው።

«አስተካክሉት እንጂ» አለቻቸው። «ገና አልሞትኩም።»

እናትና ልጅ አንድ ሞተር ላይ ተፈናጠጡ። ወደ ሆስፒታሉ መታጠፊያ ሲደርሱ አስረሳሽ ወደ ልጇ ጆሮ ተጠጋች።

«ለሽመክት እንዴት ነው የምትነግሪው?»

ሉሊት ስልኳን ከኪሷ አወጣችና መልሳ ከተተችው።

«ብቻ» አለች እናቷ፣ «ወልደጊዮርጊስን እንዳትልኪበት።»