ተራ ቁጥር ስድስት

መታጠቢያ ቤታችንን የሚያድስልን ኮንትራክተር የዋጋ ግምቱን በሁለት ገጽ ጽፎ ሰጠኝ። ሰው ሁሉ «ቱንቢ» ነው የሚለው፤ ግድግዳ ካየ ቀጥ ማለቱን የሚለካበትን ቱንቢውን ሳያንጠለጥል ሰላም አይልም ይባላል። እኔ ደግሞ ወረቀት ካየሁ ተንኮሉን ሳልፈልግ እንቅልፍ አይወስደኝም። ባሌ ደመና ሳይመጣ ጃንጥላ ትዘረጊያለሽ እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ጋዙ መዘጋቱን ሁለት ጊዜ የማየው እኔ ነኝ።

እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። አንደኛው ማፍረስና ፍርስራሽ ማንሳት፣ ሁለተኛው ቧንቧ መቀየር ነው፤ ገባኝ። ሦስተኛው «ውሃ መከላከያ ቅብ» ይላል። ሴራሚክ እያለ ቅብ ምን ያደርጋል ብዬ ልሰርዘው ስል ለማንኛውም ደወልኩለት። ውሃ የሚሰርገው በሴራሚኩ ሳይሆን በመጋጠሚያው እንደሆነ፣ ከሥሩ ካልተቀባ የታች ቤቷ ጎረቤታችን ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ አስረዳኝ። ተውኩት። አራተኛው ሴራሚኩ ራሱ ነበር። አምስተኛውን «ያልታሰበ ሥራ» የሚለውን እንዲያውም ወደድኩት፤ ክፉውን አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ሌላም አለ ለካ።

ስድስተኛው ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። «ግድግዳ ማጠናከሪያ ከነእጀታው፣ ሦስት ቦታ» ይላል። እጀታ ማን አዘዘው? ያዝኩህ አልኩ በሆዴ፤ በሁለት መስመር ሰረዝኩት።

በማግሥቱ ቱንቢ ሲመጣ ስርዙን አየና አልተከራከረም። መታጠቢያ ቤት አስገባኝና ፎጣ መስቀያውን በአንድ ጣቱ ነካው። ተወዛወዘ። ብሎኖቹ ወደ ታች ጎብጠዋል፣ ግድግዳው ዙሪያቸውን ተፈርፍሯል። በዚህ መስቀያ ልጄን ስንት ጊዜ ተቆጥቻታለሁ! እየተንጠለጠልሽበት ነው ስላት አይደለሁም ብላ ታለቅስ ነበር።

«ፎጣ እንዲህ አይነቅልም፤ ልጅም ብትጫወትበት ወዲያና ወዲህ ነው የምታላውሰው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይኼ በየቀኑ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ ወደ ታች የተያዘ ነው፤ እጀታውን የጻፍኩት እንዲህ ለሚደገፍ ሰው ነው። ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው አለ?»

አለ። እናቴ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። በሩን ከውስጥ ቆልፋ ነው የምትታጠበው፤ ልርዳሽ ስላት ገና ለሰው እጅ አልደረስኩም ትለኛለች። እሳቱን፣ መኪናውን፣ ሌባውን ሁሉ ስፈራ ኖሬ፣ እርጥብ ወለል ላይ ቆማ በሁለት ብሎን የተንጠለጠለችውን እናቴን አላየሁም። መስቀያው ተነቅሎ ቢሆን፣ በሩም እንደተቆለፈ... ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ቀና ስል እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። ምን ያህሉን እንደሰማች አላውቅም።

«እጀታ የሚባል ነገር እዚህ ቤት እንዳይገባ» አለች። «በሽተኛ አታድርጉኝ።»

እናቴን ስለማውቃት አልተከራከርኳትም፤ እሺ ማለትም አልቻልኩም። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁና ከሰረዝኩት መስመር በላይ አዲስ ጽፌ ሰጠኋት። መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች፤ ድምፅዋን አውጥታ አነበበች።

«ፎጣ መስቀያ፣ ሦስት። መቶ ኪሎ የሚችል።» ወደ ቱንቢ ዞረች። «መቶ ኪሎ የሚመዝን ፎጣ አይተህ ታውቃለህ?»

«ሲረጥብ ይከብዳል፣ እማማ» አላት፤ ሳይስቅ።

እናቴ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ። ሁለታችንንም ሳታይ መታጠቢያው አጠገብ ያለውን ግድግዳ በመዳፏ ዳሰሰች፤ እጇ የለመደው ቦታ ላይ ቆመ።

«ይኼኛውን ትንሽ ዝቅ አድርገው» አለችው። «እኔ ረጅም አይደለሁም።»

ቱንቢ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አነሳና ከመዳፏ ሥር ምልክት አደረገ።