የኮስታሪካው መርዶ

ለተስፋሁን የኮስታሪካን ቲኬት የቆረጥኩለት እኔ ነኝ። በስደት በምንኖርበት ከተማ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለችው የጉዞ ቢሮዬ ገብቶ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን የባሕር ዳርቻ ፎቶ ሲያይ ቆየና፣ «አሥራት፣ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ ኖርኩ፤ እስቲ እኔም ቱሪስት ልሁን» አለኝ። ያኔ በ1988 ከእኛ ሰው ለሽርሽር ብሎ አገር የሚያቋርጥ አልነበረም። ደስ ብሎኝ ከነአስጎብኚው የሰባት ቀን ጉዞ ያዝኩለት።

ማክሰኞ ከሰዓት የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ደወለ። ተስፋሁንን ማዕበል ወስዶት ሞቷል፤ አስከሬኑ ተገኝቷል። በሆቴሉ መመዝገቢያ ወረቀት ላይ የነበረው ስልክ የእኔ ብቻ ነው። «እዚህ የሬሳ ማቀዝቀዣ የለም፤ ሙቀቱም ከባድ ነው። ቤተሰብ ካልደረሰ ዓርብ ጠዋት እንቀብረዋለን» አለኝ።

ቤተሰብ ማለት አባቱ ጋሼ ሀይለገብርኤል ናቸው። ዌስት አዳምስ የሚባለው ሰፈር ሁለቱ ብቻ ነበር የሚኖሩት፤ ዜግነት እንኳ የወሰዱት በአንድ ቀን ነው። ቁልፌን አንስቼ ተነሣሁ፤ ግን መርዶ ብቻን ተኪዶ አይነገርም። ስለዚህ እትዬ ለተማርያም ዘንድ ሄድኩ። በእኛ መሀል ማን መቼ እንደሚረዳ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ ልባቸውን ያማቸዋል፤ ብቻህን ነግረህ ልትገድላቸው ነው?» አሉኝ። «ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ። እሁድ ሰዉ ሁሉ ከሥራ ኦፍ ነው፤ በማለዳ ተሰብስበን እናረዳቸዋለን።»

«ዓርብ ይቀበራል ብለዋል እኮ፣ እትዬ።»

«አንተ ደግሞ! ደውልና ሆልድ አድርጉልን፣ አቆዩት በላቸው።»

ደወልኩ። ሥራ አስኪያጁ አልችልም አለ፤ አባትየው ይምጡ ብሎ ለመነኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ረቡዕ ዕለት ከአባትየው በቀር ፌርፋክስ ያለው የእኛ ሰው በሙሉ አውቆ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጋሼ ሀይለገብርኤል ራሳቸው ቢሮዬ መጡ።

«ልጄ አንተ ጋ ደወለ? እኔ ጋ ድምፁ ጠፋ።»

«ደውሎ ነበር፣ ጋሼ። አገሩ በጣም ተስማምቶታል» አልኩ። ውሸቱ እንዴት ቀለለኝ!

«እሰይ፣ ይዝናና» ብለው፣ ሳቅ ብለው ወጡ። በመስኮት እያየኋቸው አልጠራኋቸውም። ፈሪ ነበርኩ፤ ፍርሃቴንም ወግ ነው ብዬ ሸፈንኩት።

እሁድ ማለዳ ሠላሳ ሆነን በራቸውን አንኳኳን። የሴቶቹን ነጠላ ሲያዩ ገባቸው። ደረታቸውን እንዳይመቱ እጃቸውን ያዝን። ለቅሶው ጋብ ሲል፣ «አስከሬኑ መቼ ይገባል?» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ እትዬ ለተማርያም ዞረ፤ እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

«ተቀብሯል፣ ጋሼ። ዓርብ ዕለት። የቀበሩት የሆቴሉ ሠራተኞች ናቸው» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ።

«ሐሙስ አንተ ጋ መጥቼ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ያን ቀን የሚነሣ አውሮፕላን አልነበረም?»

ሰዉ «አልነበረም» እንድል በዓይኑ ለመነኝ። እኔ ግን ውሸት በቅቶኝ ነበር።

«ነበረ፣ ጋሼ፤ ቀትር ላይ። ቦታ ይዤልዎት ነበር። እርስዎ ሲወጡ ሰረዝኩት።»