የተዘቀዘቀው ክንፍ

በ1930 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ወደ ይጁቤ መቃረቡ ሲሰማ፣ የአንዲት ትንሽ ደብር ሰዎች ንዋየ ቅድሳቱን ገደል ሥር ካለ ዋሻ አገቡ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሳይቀደድ የተላቀቀው ሥዕል አንድ ብቻ ነበር፤ ሁለት ክንድ የሚሆን ሸማ፣ ቢጫና ነጭ። ተሸክማው የመጣችው ወለተ ጊዮርጊስ ናት፤ ባሏ አርበኛ ሆኖ በረሃ ከወረደ ወዲህ ወሬው የጠፋባት ሴት።

ሰቅላ ስትጨርስ አንድ ሽማግሌ ከኋላዋ፣ "ዘቅዝቀሽ ነው የሰቀልሽው፣ ልጄ" አሏት።

አለቃ ደምለው ይባላሉ፤ ከደብረ ማርቆስ ሸሽተው ከአንድ ቀን በፊት የደረሱ ሠዓሊ ናቸው።

"ኧረ አልዘቀዘቅሁትም! ሃያ ዓመት ያየሁት የደረሰ ጤፍ ነው።"

"የሱራፌል ክንፍ ነው። የሣልሁት እኔ ነኝ፤ ታምሜ ቀርቼ ሌሎች ናቸው የለጠፉት።"

አገላብጠው ሰቀሉት። ላባው ወደ ላይ ተነሣ። ከተሰበሰበው ሰው ግን ክንፍ የታየው አልነበረም።

"ቀጥ ያለ ጤፍ ፍሬ የለውም" አለች ወለተ ጊዮርጊስ፣ ዐይኗ እንባ ሞልቶ። "እርሻችን ዘንድሮ ጦም አድሯል። እኔና ባሌ በየመኸሩ እሱ ሥር ነበር የምንጸልየው። ይመልሱልን፣ አለቃ።"

አለቃ አንገታቸውን አዘንብለው ጤፉን ለማየት ሞከሩ። አልታያቸውም። ቢሆንም መለሱት።

ከዚያ ወዲያ አለቃ ጧት ጧት ሥዕሉ ፊት ቆመው ይጸልያሉ፤ አንዳንዴ ክንፉን ተዘቅዝቆ ላለማየት ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ክረምቱ አልፎ ጥር ሲገባ፣ አንድ ቀን ቀና ቢሉ የጎነበሰ የጤፍ ዛላ ታያቸው። ክንፉን ፈለጉት፤ አጡት። ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ምነው፣ አመመዎት?" አለች ወለተ ጊዮርጊስ።

"ጤፉ ታየኝ።"

"ታዲያ ይሄ ያስከፋል?"

"ያን ክንፍ ስሥል ቀለም የምትፈጭልኝ ሚስቴ ነበረች፤ ነፍሷን ይማር። አሁን የገዛ እጄ ሥራ ጠፋብኝ።"

ወለተ ጊዮርጊስ ገብታ ሸማውን አወረደችና አዙራ ሰቀለችው። ሰዉ ቢያጉረመርምም፣ "እስከ ፋሲካ እንዲህ ይቆይ፤ እኔም ልልመደው" ብላ እንቢ አለች።

ጾሙ እንደ ተጋመሰ ወደ አለቃ መጣች።

"የግራው ክንፍ ታየኝ" አለቻቸው። "ቀኙ ግን ገና ጤፍ ነው።"

አለቃ ደምለው ከሸሹ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ።