ስምንት ሰሌን

በ1971 ዓ.ም. ሰቆጣ ላይ የመጀመሪያው የመንግሥት ሠራተኞች ፎቅ ተሠርቶ ሲያልቅ፣ ከስምንቱ ቤቶች አንዱ ለአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ለተስፋው ደረሰው። ተስፋው ስድስት ዓመት በኪራይ ቤት ሲንከራተት የኖረ ሰው ነበርና፣ ቁልፉን የተቀበለ ዕለት ደረጃውን ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ወረደ። የረሳው ዕቃ ኖሮ አይደለም፤ ደረጃ ያለው ቤት ስላገኘ ብቻ ነው።

ደስታው የቆየው ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስኪሆን ነበር።

ፕላኑ ከአዲስ አበባ ሲመጣ በረንዳዎቹ ወደ ሰሜን እንዲያዩ ሆኖ ተነድፏል። የአውራጃው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ አስማረ ግን ሰልፍ የሚያልፈው በምዕራብ በኩል ነው፣ ነዋሪው በረንዳው ላይ ቆሞ ለሰልፈኛው እጁን ማውለብለብ አለበት ብሎ ሕንፃውን አዞረው። ሰልፍ የሚያልፈው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። ፀሐይ ግን በየቀኑ ታልፋለች፤ ያውም ወደ ተከዜ ስታዘቀዝቅ የተስፋውን መስኮት ሳትሰናበት አትሄድም። በዘጠኝ ሰዓት ግድግዳው በእጅ አይነካም፤ ውሃ እንኳ ከእንስራው ሲቀዳ ለብ ብሎ ነው።

ሚስቱ ወለተሥላሴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። መጀመሪያ ብርድ ልብስ አውጥታ መስኮቱ ላይ ሰቀለች። በማግስቱ አስማረ ተስፋውን ቢሮው ጠርቶ፣ "ጓድ፣ በግል ጥላ መስቀል የሕንፃውን ገጽታ ያበላሻል። ጥላ የሚያስፈልግ ከሆነ ለስምንቱም በአንድነት፣ በኮሚቴ ይመረጣል" አለው። ብርድ ልብሱ ወረደ።

"እንግዲህ ስማኝ" አለች ወለተሥላሴ፣ እግሯን ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነክራ፤ "ለመውለድ እናቴ ቤት መሄዴ አይቀርም፣ ወጉ ነው። መመለሴ ግን ያንተ ነገር ነው። ይህ ቤት እንዲህ እንዳለ ከቆየ፣ ልጄን ይዤ አልገባበትም። ሄድኩ ማለት ሄድኩ ነው።"

ተስፋው ሚስቱን ያውቃታል። ስትቆጣ ትጮኻለች፤ ስትቆርጥ ግን እንዲህ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። ስለዚህ "የፀሐይ መከላከያ መራጭ ኮሚቴ" ሲቋቋምና እሱ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኖ ሲመረጥ፣ ከአስማረ በላይ ደስ ያለው እሱ ነበር።

ኮሚቴው በአንድ ወር አራት ጊዜ ተሰበሰበ። የሴቶች ማኅበር ተወካይዋ ወይዘሮ ጸሐይነሽ በመጀመሪያው ስብሰባ ቆርቆሮን አስወደቁት፤ በበጋ ይግላል፣ በክረምት ይጮኻል፣ ሰው ለሰው አያሰማማም አሉ። የእንጨት መዝጊያ በሁለተኛው ስብሰባ ወደቀ። ለመዝጊያ የሚሆን ዛፍ የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ ለመቁረጥ የደፈረ አልተገኘም። አስማረ እንኳ "ለጊዜው ይቆይ" ብሎ አለፈው።

በሦስተኛው ስብሰባ ሊቀ መንበሩ አስማረ ራሱ ሐሳብ አቀረበ፤ ከዳር እስከ ዳር ቀይ ጨርቅ!

ዓይን ሁሉ ወደ ኢድሪስ ዞረ። ኢድሪስ የነጋዴዎች ተወካይ ነው፤ ገበያው አፍ ላይ የጨርቅ ሱቅ አለው። የዋግ ፀሐይ ቀይ ጨርቅን በሁለት ወር ምን እንደምታደርገው ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አብዮቱ ቀለሙን ይለቃል ብሎ በአፉ ቢናገር መታሰሩ ነው። ዝም ብሎ ቢሸጥና ቀዩ ሐምራዊ፣ ሐምራዊው የተልባ አበባ ቢመስል ደግሞ ሻጩ እሱ ነው፤ ያንጊዜም መታሰሩ ነው። ላቡን ጠረገ።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ ወላሂ ሐሳቡ ትልቅ ነው" አለ። "ነገር ግን ቀይ ጨርቅ ከውጭ የሚመጣ ሸቀጥ ነው። የሰፊው ሕዝብ እጅ የሠራው አለ አይደል? የአበርገሌ ሴቶች የሚሠሩት ሰሌን! ቆላ የበቀለ ዘንባባ ፀሐይን ያውቃታል።"

አስማረ ፊቱ በራ። "በራስ መተማመን!" አለና ጠረጴዛውን መታ። ወዲያው ግን ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሽው ብሎ አለፈ፤ ተስፋው አይቶታል።

ሰሌን ላይ እስላሙ ይሰግድበታል፤ ክርስቲያኑም ያረጀውን አንጥፎ እህል ያሰጣበታል። አዲስ ሰሌን ተጠቅልሎ ክርስቲያን ቤት ሲገባ ግን ለምን እንደሚገባ ሰቆጣ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ሬሳ የሚጠቀለለው በእሱ ነው። ይህን ወይዘሮ ጸሐይነሽ ያውቃሉ፤ ባለፈው ዓመት ወንድማቸውን ቀብረዋል። አስማረም ያውቃል፤ የቄስ ልጅ ነው፣ ቢደብቀውም። ተስፋውማ እርጉዝ ሚስት እቤቱ አስቀምጦ ነው የመጣው።

"ኋላ ቀር እምነት ይዞት የሚቃወም ካለ አሁኑኑ ይናገር" አለ አስማረ።

እንዲህ ተብሎ ከተጠየቀ በኋላ ማን ይናገራል? ወይዘሮ ጸሐይነሽ የነጠላቸውን ጥለት ይመረምሩ ጀመር። ተስፋው አፉን ከፈተ፤ ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር "ተናገር፣ ሚስቴ እርጉዝ ናት በል" ይለዋል። አፉን ዘጋና ጻፈ፤ "ኮሚቴው ሰፊ ውይይት ካደረገ በኋላ ሰሌንን በሙሉ ድምፅ መርጧል።" አራተኛው ስብሰባ የገመዱን ርዝመት ለመወሰን ብቻ የተጠራ ነበር።

ከሦስተኛው ስብሰባ ሲወጡ ኢድሪስ የተስፋውን ክንድ ያዘ። "ምን ሆናችሁ?" አለ በሹክሹክታ። "እኔ ሰሌን ያልኩት እናንተ እምቢ እንድትሉ ነው እኮ! እምቢ ስትሉ አቡጀዲ ልል ነበር። ነጭ አቡጀዲ ሱቄ ሞልቷል።"

"ታዲያ ለምን አቡጀዲ አላልክም?"

"ማን ዕድል ሰጠኝ? በሙሉ ድምፅ ወሰናችሁ!"

ሰሌኖቹ በአህያ ተጭነው መጡና በገበያው ዋዜማ ተሰቀሉ። ውሳኔው ከሰዓት በኋላ እንዲዘረጉ፣ ጠዋት ጠዋት ግን ተጠቅልለው በየበረንዳው ራስ ላይ በገመድ እንዲታሰሩ ያዛል። በገበያው ጠዋት እንግዲህ ስምንት አዳዲስ ሰሌኖች ተጠቅልለው፣ ሁለት ሁለት ቦታ ታስረው፣ በስምንት በረንዳ ላይ ተጋድመው ነበር።

የወለተሥላሴ አጎት ገብረ ሊባኖስ ከፃግብጂ ማር ጭኖ ሲገባ ያየው ይህንን ነው። ዘመኑ ደግሞ ስምንት ሰው ባንድ ሌሊት ሞተ ቢባል ማንም "እንዴት ይሆናል?" የማይልበት ዘመን ነበር። አህያውን ለቀቀና ደረቱን ደቃ።

"ወየው! ወየው ልጄን! ስምንቱንም ፈጇቸው!"

የገበያው ሰው ግማሹ ቀና ብሎ አየ፤ ሌላው ግማሽ ሳያይ ማልቀስ ጀመረ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ፎቁ ሥር ተሰበሰቡ። የስምንቱም ቤት ሰዎች ጩኸቱን ሰምተው ወደ በረንዳቸው ወጡ። ከስምንቱ ቤቶች አንዱ የእሱ ነበርና፣ አስማረም ከምድር ቤቱ ሸሚዙን ሳይቆልፍ ብቅ አለና፣ "ማን ሞተ?" ሲል ከለቀስተኞቹ አንዷን ጠየቃት።

"እርስዎም አሉበት ብለውን ነበር" አለችው ሴትዮዋ፣ እንባዋን እየጠረገች።

ለበላይ አካል የተላከውን ዘገባ ተስፋው ነው የጻፈው፤ "ሰፊው ሕዝብ ለሰሌኖቹ ያደረበትን ጥልቅ ስሜት በአደባባይ ገልጿል" ይላል።

ወለተሥላሴ ያን ዕለት አላለቀሰችም። በረንዳው ላይ ቆማ ከራሷ በላይ የተጋደመውን አየች፣ ከዚያ ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች።

"ስብሰባው ላይ ነበርክ?" አለችው።

"ጸሐፊ ነበርኩ።"

"ምን አልክ?"

"ሁሉም ዝም አለ፣ ወለቴ። እኔ ብቻዬን ምን ልበል?"

"እኔ ያገባሁት ሁሉንም አይደለም" አለች፤ ቀስ ብላ። ልብሷን ሰብስባ ከአጎቷ ጋር ወረደች። የእናቷ ቤት ከፎቁ ጥቂት እርምጃ ብትርቅ ነው፤ የሣር ክዳን፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ።

የሚገርመው፣ ሰሌኑ መሥራቱ ነው። ከሰዓት ሲዘረጋ ቤቱ ደብዘዝ፣ ቀዝቀዝ ይላል፤ ንፋስ እንኳ በስንጥቁ ሾልኮ ይገባል። ዋግ ውስጥ እንደዚያ የሚመች ክፍል አልነበረም፤ የሚኖርበት ግን ጠፋ። አንደኛው ጎረቤት እናቱ ታመሙ፣ ሌላው ወደ ሰሃላ ለመስክ ሥራ ወጣ፣ አስማረ ሥራ በዝቶብኛል ብሎ ቢሮው ውስጥ ማደር ጀመረ። ተስፋው ብቻውን በዚያ ቅዝቃዜ ውስጥ ተቀምጦ ሚስቱ ናፈቀችው። ሐፍረቱ ግን ከናፍቆቱ ይብስ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሴት ልጅ ተወለደች። የምሥራቹን የነገረው ገብረ ሊባኖስ ነው፤ ተስፋው "ልምጣ ወይ?" ቢለው፣ "ሰሌኑ አለ ወይ ትልሃለች" አለው።

እሑድ ጠዋት ከተማው ቅዳሴ ላይ ሳለ ተስፋው ቢላዋ ይዞ በረንዳው ላይ ወጣ። በኮሚቴ የተሰቀለን ነገር ያለ ኮሚቴ ማውረድ ምን እንደሚባል እሱ ራሱ ስንት ጊዜ ጽፎታል። ሆኖም ገመዱን በጠሰው፤ ሰሌኑ ዱብ ብሎ መሬት ወደቀ። በሕይወቱ እንደዚያች ቅጽበት ኮርቶ አያውቅም።

"ጓድ ተስፋው!"

አስማረ ከታች ቆሟል። ተስፋው ቢላዋውን ወደ ኋላው ደበቀ። አስማረ ግራና ቀኙን አየ፣ ወደ ግድግዳው ተጠጋ፣ ድምፁንም ዝቅ አደረገ።

"ወንድሜ፣ ስትጨርስ የእኔንም በጥስልኝ። ሁሉንም በጥስ። ያን ዕለት አንድ ሰው ይቃወማል ብዬ ጠብቄ ነበር እኮ።" ትንሽ አሰበና፣ "ነፋስ ነው የጣለው" አለ። "ኃይለኛ ነፋስ። ነገ በቃለ ጉባኤ ያዘው።"

ሰኞ ዕለት ተያዘ። ኃይለኛ ነፋስ መንፈሱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ወይዘሮ ጸሐይነሽ መስኮታቸው እንደተንገጫገጨ ጭምር መሰከሩ፤ ኢድሪስም አቡጀዲ ለማቅረብ ታዘዘ።

ተስፋው ከስብሰባው በቀጥታ ወደ አማቱ ቤት ሮጠ። የሚላትን መንገድ ላይ አዘጋጅቷል፤ "እኔ ነኝ የበጠስኩት፣ በገዛ እጄ፣ ማንንም ሳልጠይቅ።" ከዚህ ሌላ ቃል አያስፈልገውም ነበር።

ሲገባ ወለተሥላሴ ልጇን ታጠባለች። ገብረ ሊባኖስ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ከአልጋው አጠገብ ደግሞ፣ አራስ ጥየቃ በሌላ መንገድ ቀድመው የደረሱት ወይዘሮ ጸሐይነሽ ገንፎ ይበላሉ።

"ሰሌኑ ወርዷል አሉ" አለች ወለተሥላሴ። ፊቷ ላይ ከስንት ቀን በኋላ ፈገግታ ቢጤ ነበር። "ማነው ያወረደው?"

ወይዘሮ ጸሐይነሽ ማንኪያቸውን አየር ላይ አቆሙ። ተስፋው አያቸው። ሚስቱን አየ።

"ነፋስ ነው" አለ።

"ኧረ ምን ዓይነት ነፋስ!" አሉ ወይዘሮ ጸሐይነሽ፣ እፎይ ብለው ገንፎውን እየጎረሱ።

ወለተሥላሴ ባሏን ትክ ብላ አየችው። ፈገግታው ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሄደ።

"እኛ ቤት ነፋስ አልነበረም" አለች፤ ልጇንም እንዳቀፈች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።