ከተራራው በስተጀርባ የቀሩት ጎብኚዎች

ቅር የተሰኘን ሰው ከዓይን የሚሰውር ሰው ጥፋቱን አላረመም፤ አከማቸው እንጂ። የተከማቸው ጥፋትም በሩ በተከፈተ ጊዜ በአንድነት ይወጣል። በአንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ምክንያት በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የሆነውና ከዚህ ቀጥሎ የሚተረከው ነገር ይህንኑ ያስረዳል። ጨዋታ ነው ብሎ የሚንቀው አንባቢ ቢኖር፣ ሰው እውነተኛ ጠባዩን የሚገልጠው ማንም አይጠይቀኝም ብሎ በሚያስብበት ቦታ መሆኑን ያስታውስ።

እናትየዋ የሊፍት መርማሪ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሕንፃ ሕንፃ እየዞረች የሽቦ ገመድ ስትለካና ፍሬን ስትፈትሽ ኖራለች። የሕንፃ ባለቤቶች ሁልጊዜ የሚያሳዩዋት መስታወት የተለጠፈበትን፣ መብራቱ የሚያበራውን ክፍል ነው፤ እርሷ ግን ከሁሉ በታች ያለውን ጉድጓድ በባትሪ ሳታይ ፊርማዋን አታኖርም። በዚህ ጠባይዋ ከብዙዎቹ ጋር ተኳርፋለች፤ ደንታም አልሰጣት።

አንዲት የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ አለቻት፤ በቤት ስሟ ሚጣ ትባላለች። እናትየዋ ታናሽ ወንድምም አላት። እርሱን ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «አለቀ» እያለ ይጠራዋል፤ ምንም ቢታዘዝ ገና ሳይጀምረው «አለቀ» የሚል ሰው ነበርና። ቧንቧው ተሠራ ወይ ሲሉት፣ አለቀ። ደብዳቤው ተጻፈ ወይ ሲሉት፣ አለቀ። ቧንቧው ግን እስከ ዛሬ ያንጠባጥባል። አንደበቱ ለስላሳ፣ ሳቁ የሚጋባ ስለ ነበረ ማንም አይቀየመውም፤ የመኖሪያ ግቢው ነዋሪዎችም የማኅበራቸው ጸሐፊ አድርገው መርጠውት ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከሕንፃዎቹ ጀርባ ባለው ባዶ መሬት ነው። ማኅበሩ ቦታውን የልጆች መጫወቻ ሊያደርገው ወሰነ፤ ንድፉ ምን ይምሰል በሚለው ላይ ግን ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተጨቃጭቆ ሊስማማ አልቻለም። በመጨረሻ ሊቀ መንበሯ፣ ጡረታ የወጡ የመድኃኒት ባለሙያ፣ አንድ ሐሳብ አመጡ። የግቢው ልጆች ሁሉ የሚጫወቱት አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ አለ። ተጫዋቹ ባዶ መሬት ይሰጠውና የመዝናኛ ፓርክ ይገነባበታል፤ መንገድ ያነጥፋል፣ መሽከርከሪያና ባቡር ይተክላል፣ አይስክሬም ቤትና መጸዳጃ ይሠራል፣ ጠራጊና አስተናጋጅ ይቀጥራል። ትንንሽ ጎብኚዎች በበሩ ይገባሉ፤ ሲወጡም እያንዳንዳቸው የሳቀ ወይም የተኮሳተረ ፊት በሩ ላይ ትተው ይሄዳሉ። ጨዋታው እነዚህን ፊቶች ቆጥሮ ከመቶ ውጤት ይሰጣል። እንግዲያው ከየቤቱ አንድ አዋቂና አንድ ልጅ ተጣምረው ይገንቡ፤ ብዙ ጎብኚ ያስደሰተው ፓርክ ንድፍ በእውነተኛው መሬት ላይ ይሠራል ተባለ።

ሚጣ ከአጎቷ ጋር ተጣመረች። ምኞቷ አንድ ነበር። በመኝታ ክፍሏ መስኮት ቁልቁል የምታየው ያ አቧራማ መሬት፣ እርሷ በደብተሯ ጀርባ የሣለችውን እንዲመስል ትፈልግ ነበር፤ መካከሉ ላይ ተራራ፣ ከተራራው ሥር መሽከርከሪያ፣ ዙሪያውን ትንሽ ባቡር። አለቀ ደግሞ በስብሰባው ላይ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ ከዘጠና አምስት በታች ካመጣን ሪዜን እላጫለሁ ብሎ ፎከረ። ሪዙ በግቢው የታወቀ ነበርና አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

ሦስት ሳምንት ያህል፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱ ሳሎን ካለው ኮምፒውተር ፊት አልጠፉም። ውጤታቸው ስድሳ ስምንት ሆነ፤ ከዚያ ሰባ አንድ፤ ከዚያ ወዲያ አልነቃነቅ አለ። ሚጣ መሽከርከሪያው ጋ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ፀሐይ ላይ ስለሚቆሙ ጥላ እንሥራላቸው ብትል፣ አጎቷ ቦታ ያጣብባል፣ ውበት ያበላሻል ብሎ ተወው። ረቡዕ ዕለት ልጅቷ ትምህርት ቤት ሳለች ብቻውን መጥቶ ሲሠራ ዋለ። ማታ ውጤቱ ዘጠና ሰባት ሆኖ ተገኘ። ምን አድርገህ ነው ብትለው፣ ከተራራው ጀርባ የአበባ ቦታ ጨመርኩ፣ ሰው አበባ ይወዳል አላት። ልጅቷ ከደስታዋ ብዛት ራቷን በቅጡ አልበላችም።

እናትየዋን ግን ነገሩ ከነከናት። ሊፍትም ቢሆን ሲታደስ ድምፁ ጥቂት በጥቂት ነው የሚስተካከለው፤ በአንድ ቀን ጸጥ ካለ አንድ ነገር ተነቅሏል ማለት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሚጣ የዋና ልምምድ ሄዳ ሳለ፣ የሚታጠፈውን ልብስ ጭኗ ላይ አድርጋ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ሐሳቧ አምስት ደቂቃ ለማየት ነበር።

መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ሰማያዊ ቱታ በለበሰው ጠራጊ ላይ ነው። በጨዋታው ውስጥ ገና ሲነጋ፣ በሩ ሳይከፈትና አንድም ጎብኚ ሳይገባ፣ መጥረጊያውን ይዞ ወደ ተራራው ጀርባ ይገሰግሳል። ብዙ ቆይቶ ሁለት ከረጢት ቆሻሻ ተሸክሞ ይመለሳል። በማግሥቱም እንዲሁ። አበባ ቆሻሻ አይጥልም፤ ታዲያ ማን ጣለው? ልብሱን ወደ ጎን አደረገች።

ከሚገቡት ጎብኚዎች መካከል አንዱን መርጣ ልትከተለው ቆረጠች፤ አረንጓዴ ባርኔጣ ያደረገ፣ ትንሽ ልጅ በትከሻው የተሸከመ ሰው ነበር። አይስክሬም ገዛ፣ ባቡሩን አየ፣ ከዚያ መሽከርከሪያው ጋ ወረፋ ያዘ። በላዩ ብትጫነው የሚያስበው ተጽፎ ይታያል፤ ፀሐዩ በረታብን ይላል። ቀጥሎ፣ ልጄ ደከመው ይላል። ፊቱ ተኮሳተረ። ወዲያው ቀይ ኮፍያ ያደረገ አስተናጋጅ መጣና በትሕትና እጁን ይዞ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ባሻገር፣ ወደ ተራራው ጀርባ ወሰደው። አስተናጋጁ ብቻውን ተመለሰ።

እናትየዋ ወንበሯን አስጠጋች። ተራራው ከልሎባታል፤ ምስሉ እንዴት እንደሚዞርም አታውቅም። ያገኘችውን ቁልፍ ሁሉ ተጫነች። አንዱ ሙዚቃውን አጠፋ፤ ሌላው በፓርኩ ላይ በረዶ አዘነበ፤ ሦስተኛው ጠራጊውን ከሥራ አሰናብቶ በስንት መከራ መልሳ ቀጠረችው። በመጨረሻ መሬቱ እንደ ትሪ ቀስ ብሎ ዞረ፤ ተራራውም ጀርባውን ሰጣት።

በቁጥቋጦ አጥር የታጠረ፣ ከሳሎኑ ምንጣፍ የማይሰፋ የሚመስል ቦታ ነበር። አንዲት አበባ እንኳ አልነበረችበትም። ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ቆመዋል፤ በመቶ የሚቆጠሩ፣ ፊታቸው ሁሉ የተኮሳተረ። ወደ ውስጥ ብቻ የሚከፈት በር አለ። አንዱን ተጫነችው፤ መውጫው በየት ነው ይላል። ሌላውን ተጫነችው፤ መውጫው በየት ነው ይላል። ባለ አረንጓዴ ባርኔጣው ልጁን ከትከሻው አውርዶ፣ አጥሩን ተከትሎ መዞር ጀምሯል። በሥራ ዘመኗ ሰው እንደያዘ የቆመ ሊፍት ብዙ ጊዜ አጋጥሟታል፤ እዚያ የተዘጋባቸው ሰዎች በሩን ይደበድባሉ። እነዚህ ድምፅ እንኳ አልነበራቸውም።

አሁን ሁሉም ገባት። ጨዋታው የሚቆጥረው በበሩ የሚወጡትን ብቻ ነው። የተኮሳተረው ካልወጣ፣ የሚወጣው ሁሉ የሳቀ ይሆናል።

አለቀ ለምሳ ሲመጣ እዚያው ተቀምጣ አገኛት። ሰላምታውን ሳትመልስ ጠየቀችው።

«ይሄ ሰውዬ ወዴት ሄደ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ባለ አረንጓዴ ባርኔጣው። ልጅ ተሸክሞ ነበር።»

አለቀ ሳቀ። «እትዬ፣ አንቺ ደግሞ በዚህ ዕድሜሽ ጌም ጀመርሽ?»

«ጀመርኩ። ከተራራው ጀርባም ዞሬ አየሁ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ተቀመጠና ማስረዳት ጀመረ፤ ሕጉ እንደማይከለክል፣ አንድም ደንብ እንዳልጣሰ፣ ጨዋታው ራሱ የፈቀደውን በር እንደ ተከለ።

«ደግሞስ ሥዕሎች እኮ ናቸው። አይርባቸው፣ አይጠማቸው።»

«ሥዕል ከሆኑ ለምን ደበቅሃቸው?»

 ለልጅቷ ብዬ ነው አለ።

«ለሪዝህ ብለህ ነው» አለች እኅቱ። «በል፣ ስትመጣ አንተው ራስህ ንገራት። ፓርኩን የገለበጥክበትን ፍላሽም ለማኅበሩ እንዳትሰጥ።»

«ፍላሹን ጠዋት ለሊቀ መንበሯ አስረክቤያለሁ። አለቀ።»

ሚጣ ፀጉሯ ገና እንደ ረጠበ ገባች። አጎቷ ስለ ዋናው ይጠይቃት ጀመር፤ ስለዚህ እናትየዋ ወንበሯን ለቀቀችላትና ስክሪኑን አሳየቻት። ልጅቷ ብዙ ጎብኚዎችን አንድ በአንድ እየተጫነች የሚያስቡትን አነበበች።

«አበባ ተከልኩ ብለኸኝ ነበር» አለችው። 

ከዚያ የአጥሩን በር አንሥታ ጣለችው። ሰዎቹ መጀመሪያ አልተንቀሳቀሱም። ባለ አረንጓዴ ባርኔጣው ልጁን ተሸክሞ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ረጅም ሰልፍ ሆነው ተራራውን ዞረው፣ ባቡሩን አልፈው፣ በዋናው በር እየወጡ የተኮሳተረ ፊታቸውን ትተው ሄዱ። ውጤቱ ዘጠና ሰባት የነበረው ስድሳ ሆነ፣ አምሳ ሆነ፣ አርባ ሦስት ላይ ቆመ። አለቀ ምሳውን ሳይበላ ወጣ።

ሚጣ ከሰዓቱን ሙሉ ለወረፋው ጥላ ስትሠራ ዋለች፤ ልጅ ለያዙም መቀመጫ ጨመረች። ጎብኚዎቹ አሁን ወረፋው ላይ አይኮሳተሩም። ከሰዓት በኋላ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ውጤቱ ሰማንያ አራት ደረሰ፤ ከዚያም አላለፈ። በሕንፃው መግቢያ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት መንታዎችና አባታቸው ሰማንያ ስምንት ማምጣታቸው ተለጥፏል። ልጅቷ ይህንን ታውቃለች። ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ በመስኮቱ ቁልቁል አቧራማውን መሬት ተመለከተች።

«እማዬ፣ ነገ ዝም ብንልስ?»

እናትየዋ ልብስ ማጠፏን አላቋረጠችም። «ብጠየቅ ያየሁትን እናገራለሁ። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ፈርሜ አላውቅም። ቀድመሽ ከተናገርሽ ግን ቃሉ ያንቺ ይሆናል።»

እሑድ ጠዋት በማኅበሩ አዳራሽ ፓርኮቹ በግድግዳው ላይ በትልቁ ታዩ። የእነሚጣ ተራ ሲደርስ፣ ዘጠና ሰባት ሲባል ጭብጨባ ሆነ፤ አለቀ ግን በጸሐፊነት ቦታው ላይ አቀርቅሮ ወረቀት ያገላብጣል። ሚጣ ተነሣች። ድምፅዋ መጀመሪያ አልሰማ ስላለ ሊቀ መንበሯ ወደ ፊት እንድትመጣ ጠሯት።

«እትዬ፣ ይሄ ውጤት ትክክል አይደለም» አለች። «ትክክለኛው ሰማንያ አራት ነው፤ እሱንም ያመጣነው ትናንት ነው።»

ከዚያ ኮምፒውተሩ ጋ ቀርባ መሬቱን አዞረችው። ፊት ያሉት ሰዎች ምን እንደሚያዩ ሳይገባቸው ሳቁ። ሊቀ መንበሯ ከታጎሩት በአንዱ ላይ እንድትጫን ጠየቋትና የሚያስበውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። ሁለተኛውን አነበቡ፤ ሦስተኛውንም። ሳቁ ቆመ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ ስለ ውኃ መስመሩ ለጸሐፊው ሦስት ጊዜ ያስገባሁት ማመልከቻም እዚያ ተራራ ጀርባ ይሆን እንዴ አሉ።  ሊቀ መንበሯ የጸሐፊው መሳቢያ እንዲከፈት አዘዙ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ያልተነበቡ ማመልከቻዎች ተገኙበት።

መሬቱ በመንታዎቹ ንድፍ መሠረት ተሠራ። ተራራም ባቡርም አልነበረውም። ሚጣ በመስኮቷ ሆና ሲሠራ አየች፤ መሸርተቻው ጋ ወረፋ የሚያዝበት ቦታ ጥላ እንደሌለውም ያን ጊዜውኑ አስተዋለች።

በአጎቷ ላይ የተላለፈው ውሳኔ ይህ ነው። ከጸሐፊነቱ ተሻረ። ሁለት ዓመት በማኅበሩ ማናቸውም ምርጫም ሆነ ውድድር እንዳይሳተፍ ታገደ። መጫወቻው ከተከፈተ ጀምሮ ለስድስት ወር፣ በየቅዳሜው ጠዋት በሩ ላይ ተቀምጦ፣ ከሚወጣው ሰው ሁሉ ቅሬታ ተቀብሎ በእጁ እንዲጽፍና በየወሩ በስብሰባ ላይ ቆሞ እንዲያነብ ታዘዘ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሠላሳ አንድ ቅሬታ ጻፈ፤ የመጀመሪያው የእኅቱ ልጅ ያስመዘገበችው ነበር። ሪዙንም ተላጨ።