ጊንጥ ያልነደፈው አውራ ጣት

አውራ ጣቴን ጊንጥ ነድፎት አያውቅም። ሰፈሩ ግን እኔ ያላየኋትን ጊንጥ ከእኔ በላይ ያውቃታል፤ አንዳንዱማ ጥቁር ነበረች እያለ ይከራከረኛል።

ነገሩ የጀመረው ሌዮባርዶ የሚባል፣ ከነፋስ መብራት የሚያመነጭ ኩባንያ ወኪል፣ ሜዝካል የሚሉትን አረቄ ይዞ ቤቴ የመጣ ቀን ነው። ሰኞ ነበር። ሚስቴ ኦብዱሊያ የጋገረችውን የበቆሎ ቂጣ፣ ቶቶፖ፣ ተሸክማ ሁቺታን ገበያ ወርዳለች። እኛ ዘንድ ወንድ ያርሳል፣ ሴት ትሸጣለች፤ ዋጋ የሚቆርጠው የሴት አፍ ነው። ሰውየው ይህን አያውቅም። መሬቱ በማን ስም እንደሆነ ብቻ ጠየቀና ከእኔ ጋር ቁጭ አለ።

«ጋሽ ክሪሶፎሮ፣ እርስዎ በቆሎዎን ያርሳሉ። መሬትዎ ላይ በምንተክለው ማማ ደግሞ ነፋሱ ይሠራልዎታል፤ ኪራይ ይከፈልዎታል፤» አለኝ።

ይሄ ነፋስ ስንት ጊዜ ጣሪያዬን ወስዶብኛል፤ የጭነት መኪና ሲገለብጥም በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን ይክሰኛል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ «ሐሙስ እፈርማለሁ፣ የወንድ ቃል ነው» አልኩት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉ የለ። እኔ ደግሞ ማንበብ አልችልም፤ ፊርማዬ የቀኝ አውራ ጣቴ ነው።

ኦብዱሊያ ከገበያ ስትመለስ መጀመሪያ ሰውየው ትቶት የሄደውን የውል ወረቀት አየች፣ ቀጥላ ጠርሙሱን፣ ከዚያ እኔን።

«አስነበብከው?»

«ሰውየው ራሱ ነገረኝ እኮ።»

«ዓሣ ሻጭ ዓሣዬ ሸቷል ብሎ ነግሮህ ያውቃል?»

«ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ሴትዮ።»

«ቃልህን ሰጥተሃል። ጣትህን ግን ገና አልሰጠህም። በል ወዲህ አምጣው።»

በቆሎ የምትቀቅልበትን ኖራ ለወሰችና አውራ ጣቴ ላይ ለጥፋ በጨርቅ ጠቀለለችው። ጊንጥ ነድፎሃል አለች። አልነደፈኝም ብል ጆሮ ዳባ ልበስ። በማግስቱ ወረቀቱን ከቶቶፖው ሥር ሸጉጣ ገበያ ወረደች፤ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ስለ ጊንጧ ያልሰማ አልነበረም።

ማክሰኞ ማታ ጨርቁን ፈትታ አዲስ ኖራ እየቀባችኝ «ሠላሳ ዓመት ነው» አለች። «ሲያልቅ እነሱ ከፈለጉ ሌላ ሠላሳ ይጨምራሉ። እኛን የሚጠይቀን የለም።»

«ማነው ያነበበልሽ?»

«ገበያ ውስጥ የሚያነብ ሰው ይጠፋል?»

ረቡዕ የመጣችው ፊቷን አጥቁራ ነው። «ነፋሱን እንዳንጋርድባቸው ዛፍ መትከል ክልክል ነው። ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ቤት መሥራትም አይቻልም።»

ልጃችን ኔሬይዳ እዚያው መሬት ላይ፣ ከሁመሩ ዛፍ ጎን፣ ቤት ልትሠራ ጡብ አራግፋለች። ልጄን ከርስቷ ለመንቀል ሦስት ብርጭቆ በቅቶኝ ነበር ማለት ነው። አፈርኩ። ለኦብዱሊያ ግን አልነገርኳትም፤ ጣቴ አቃጠለኝ ብዬ ተነጫነጭኩባት።

ሐሙስ ሌዮባርዶ ውል አዋዋይ አስከትሎ መጣ። ኦብዱሊያ ወንበር ስባ ከመሃላችን ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ከጋሼ ጋር ያለቀ ጉዳይ ነው፤» አላት።

«ጋሼህ ታሟል። ከእኔ ጋር አውራ።»

ከዚያ በኋላ ሌዮባርዶ አሳዘነኝ። ስልክ እየደወለ ይወጣል፣ ላብ በላብ ሆኖ ይገባል፤ እሷ ቶቶፖና አይብ ታቀርብለታለች። መጀመሪያ ሁለተኛው ሠላሳ ዓመት ተሰረዘ። ቀጥሎ የኔሬይዳ ቤትና ዛፏ እንደማይነኩ ተጻፈ።

«አሁንስ አለቀ፣ እትዬ?»

«አንዲት ቀረች። ይሄ ማማችሁ ሲሞት ማን ይቀብረዋል?»

ሳቀ። «እሱማ የሠላሳ ዓመት ነገር ነው እኮ።»

«ልጄ ሠላሳ ዓመቷ ነው፤ ምጡ ገና ከወገቤ አልወጣም። እኛ አገር ሬሳ ሰው ደጅ ላይ ጥሎ የሚሄድ ዘመድ የለም። ከነመሠረቱ ነቅላችሁ ትወስዳላችሁ። ይጻፍ።»

ይሄኛው ስልክ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ እሱም ተጻፈ።

ጨርቄ ተፈታ። ጣቴን ቀለም ቀብተው ወረቀት ላይ አስጫኑኝ። የወጣው ጥቁር እድፍ ነው፤ አንድም መስመር የለውም። ኖራው ቆዳዬን ልጦት ኖሯል። ኖራ ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ከኦብዱሊያ በላይ የሚያውቅ የለም።

«የመሬት ደብተሩ ላይ ያለው የቀኝ ጣትዎ ነው፣ ሌላው አይሆንም» አለ ውል አዋዋዩ። «እርስዎ ከፈቀዱ ግን ባለቤትዎ ሊፈርሙልዎ ይችላሉ።»

«ፈቅጃለሁ። ግን የእሷም ጣት ያው ነው፤ አርባ ዓመት ኖራ ውስጥ ኖሯል።»

«እስክሪብቶ ስጠኝ፤» አለችው ኦብዱሊያ።

ስሟን ከነአባቷ ስም ጻፈች። ቀስ ብላ፣ አንድ ጊዜም ሳታቋርጥ። ገበያ ውስጥ ያነበበላት ሰው ማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ሲሄዱ «መቼ ተማርሽ?» አልኳት።

«ኔሬይዳ ፊደል ስትቆጥር፣ አብሬያት። ከዚያ ዓሣ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እያነበብኩ።»

«ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ለምን ደበቅሽኝ?»

«መች ደበቅኩህ? ወረቀት በመጣ ቁጥር ምን ይላል ብለህ ትጠይቀኛለህ ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኸኝም።»



የጣቴ ቆዳ ከተመለሰ ቆይቷል፤ የትኛውም ወረቀት ላይ ግን አላሳርፈውም። ባለፈው ሳምንት የዘር ከረጢት ገዛሁና፣ ውስጡ ምን እንዳለ እያወቅኩ፣ ወሰድኩላትና «ምን ይላል?» አልኳት። ቅርጫቷን ስትፈትሽ ቆይታ መነጽር አወጣች። መነጽር እንዳላትም አላውቅም ነበር።